ቤቱ ጎጃም፣ ባለቤቱ ባሕር ማዶ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከማዶ የመጡ ናቸው፤ ከሪያድ፣ ከቤይሩት፣ ከሜሪላንድ፣ ከቶሮንቶ። ጠያቂዎቹ በላባቸው የሠሩት ቤት እዚህ ጎጃም ውስጥ አላቸው፣ እንቅልፍ የሚነሳቸውም “ማን ይጠብቅልኝ?” የሚለው ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ ስም አስቀርቼ የመሰለኝን እመልሳለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ሕግ የጠቀስኩበት ላይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ባለሙያ አማክሩ።

ፍኖተ ሰላም ላይ ቤት ሠርቻለሁ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም “እኔ እያለሁ ዘበኛ ምን ያደርግልሻል” ብሎ ገብቶበታል። ደመወዝ አልከፍለውም፣ ኪራይም አይከፍለኝም። አሁን ዘበኛ ልቀጥር ስል ቤተሰቡ ተቀየመኝ። (ከሪያድ)

እህቴ፣ በነፃ የሚጠብቅ ዘመድን ያህል ውድ ዘበኛ የለም። ደመወዝ የማትከፍይውን ሰው “አሸንዳውን ጠረግኸው ወይ?” ብለሽ ልትቆጣጠሪው አትችይም። ብትጠይቂው ቅር ይለዋል፣ ዝም ብትይ ጣራው ያፈሳል። ልጁ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። እሱ ቤትሽን በመጠበቁ ውለታ የዋለልሽ ይመስለዋል፣ አንቺ ደግሞ በነፃ በማኖርሽ ውለታ የዋልሽለት ይመስልሻል። ሁለታችሁም አበዳሪ ነን ብላችሁ ተቀምጣችኋል፤ ተበዳሪ ግን የለም። ቅያሜው የሚመጣው ከዚያ ነው።

ስለዚህ እሱን ከማስወጣትሽ በፊት ሥራውን ሥራ አድርጊው። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ የትኞቹን ክፍሎች እንደሚጠቀም፣ የመብራትና የውኃ ማን እንደሚከፍል፣ በየወሩ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት እንደምትከፍይው፣ ውሉ መቼ እንደሚያበቃ። ትንሽም ብትሆን ክፈይው። ያንቺ ዕቃ ያለበት ክፍል ለብቻው ይቆለፍ። ይህን ግን አንቺ በስልክ እንዳትነግሪው። ባለቤትሽ ይንገረው፤ ከተቻለም አንድ የሚያከብሩት የቤተሰብ ሽማግሌ ባለበት፣ ቡና ተፈልቶ። ከፈረመ ዘበኛ አገኘሽ። “ወንድም ሆኜ ወረቀት?” ብሎ ከተነሳ ግን፣ ነገ ውጣ ብትይው ምን እንደሚልሽ ዛሬ ሰማሽ ማለት ነው።

ባሕር ዳር ያለውን ቤቴን አንድ ሰው ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ይጠብቅልኛል። ሚስትና ልጆቹም ሰርቪስ ቤት ውስጥ አብረውት ናቸው። ደህና ሰው ነው፤ ግብሩንም እሱ ነው የሚከፍልልኝ፣ ገንዘቡን እልክለታለሁ። ልጄ ግን “አባዬ፣ ቤቱ ይወሰድብሃል” እያለች ታስፈራራኛለች። (ከሜሪላንድ)

ጋሼ፣ ልጅዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1168 አንድን የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ ለ15 ተከታታይ ዓመት ግብሩን የከፈለ ሰው ባለቤት ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። እርስዎ የጻፉልኝን ዓመት ስቆጥር ቀኑ ሩቅ አይደለም።

ግን አይደንግጡ። በእርስዎ ስም፣ በእርስዎ ገንዘብ፣ ለእርስዎ የሚጠብቅ ሰው ቤቱን ለራሱ ያዘ አይባልም። ጭንቁ ይህን የሚያሳይ ወረቀት ያለመኖሩ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ደረሰኝ ነው፦ የቤትና የቦታ ግብሩ ደረሰኝ ላይ የማን ስም አለ? የእርስዎ ከሆነ የቆዩትንም ጭምር ፎቶ አስነስተው ያስቀምጡ። የእሱ ከሆነ ዘንድሮውኑ ወደ ከተማ አስተዳደሩ ሰው ልከው ያስተካክሉ። የመብራትና የውኃ ቆጣሪውንም እንዲሁ ይዩት። ገንዘብ የላኩበትን የባንክ ወረቀት አይጣሉ።

ሁለተኛው ሥራ ውል ነው። ወደኋላ የተጻፈ ቀን አያስፈልግም፤ ያ ሐሰተኛ ሰነድ ይሆናል። የዛሬን ቀን ይጻፉና “ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጠባቂነት፣ በባለቤቱ ፈቃድ እየኖርኩ እገኛለሁ” የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባበት፤ ምስክሮችም ይፈርሙ። ደህና ሰው ነው ብለውኛል፤ ደህና ሰው ይህን ለመፈረም አይከብደውም። የቀበሌ መታወቂያው ላይ የቤት ቁጥርዎ መጻፉ ብቻውን ባለቤት አያደርገውም፤ ሰው ሆኖ መታወቂያ ያስፈልገዋልና ለዚያ አይጣሉት።

አንድ ነገር ደግሞ ላክል። አንድ ሰው በጉልበት ወይም በድብቅ ይዞታዎን ቢነጥቅዎ ይመለስልኝ ብለው የሚከሱበት ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። “ለገና ስመጣ አየዋለሁ” እያሉ ሦስት ገና የሚያሳልፉ ሰዎች አውቃለሁ።

ዘበኛ ስቀጥር ተያዥ አቅርብ አልኩት፣ አቀረበ። ተያዡ “ለሚጠፋው ሁሉ ኃላፊ ነኝ” ብሎ ፈርሞልኛል። ይበቃል? (ከቤይሩት፣ ቤቱ ደብረ ማርቆስ)

አይበቃም። ይህን ስጽፍ ብዙ ሰው እንደሚደነግጥ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም አገሩ ሁሉ የሚጽፈው እንደዚያ ነው። በሕጋችን የዋስትና ውል ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ ኃላፊ እንደሚሆን ካልገለጸ አይጸናም። “ለሚጠፋው ሁሉ” የሚለው ያማረ ቃል ፍርድ ቤት ቢደርስ ባዶ ነው። ስለዚህ ቁጥር አስገቢበት፤ ቤቱ ውስጥ ያለውን ዕቃ ገምተሽ እስከዚህ ብር ድረስ በይ። በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለት ምስክር ይፈርም። የቤቱን ዕቃ ደግሞ አንድ በአንድ ዘርዝረሽ ከውሉ ጋር አያይዢው፤ ያልተዘረዘረ ዕቃ ጠፋ ለማለት ይከብዳል። እኔ በበኩሌ ከብሩ ይልቅ የተያዡን ማንነት አያለሁ። ዘበኛው ፊቱን ማየት የሚያፍረው ሰው ከሆነ ግማሹ ጥበቃ ተሠርቷል።

በ2013 ስቀጥረው በወር 2,500 ብር ተስማማን። አሁን ጨምሪልኝ ይላል። ቤት ሰጥቼዋለሁ፣ ምን ጎደለው? (ከሪያድ)

የሚበላው ጎደለው። ብር በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 2016 ላይ ነው። አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የምትልኪው ሪያል እዚህ ሲደርስ በብር በዝቷል፣ የእሱ ደመወዝ ግን ባለበት ቆሟል። በአገራችን ለግል ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። ስለዚህ መለኪያሽ ጤፍ ይሁን፦ ስትቀጥሪው ደመወዙ ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛ ነበር? ዛሬስ? ቢያንስ ያንኑ ያህል መልሽለት።

ገንዘቡን በዘመድ እጅ አትላኪ፤ በባንክ ደብተሩ ወይም በቴሌብር ይድረሰው። በመንገድ የሚሸራረፍ ደመወዝ ቤት አያስጠብቅም፣ አንቺም የከፈልሽበት ማስረጃ ይኖርሻል። የግል መኖሪያ ቤት ጠባቂ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይዳኝም፤ የግል አገልግሎት ስለሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉና በውላችሁ ነው። ዕረፍት ቀንና ሕመም ውሉ ላይ በግልጽ ጻፉት።

ክረምት ሲመጣ ዘበኛው በትክክል ምን ምን ማድረግ አለበት? “ሁሉ ደህና ነው” ብቻ ነው የሚለኝ። (ከቶሮንቶ፣ ቤቱ ዳንግላ)

ይህን ጥያቄ ወደድኩት፤ ምክንያቱም ቤት በጎጃም ከሌባ ይልቅ በዝናብ ነው የሚፈርሰው። ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ማርቆስ ያለ ቤቱን ቁልፍ አደራ ሰጥቶኝ ነበር። ሰኔ ላይ ከውጭ አየሁት፣ ሐምሌ ላይ ከውጭ አየሁት፣ “ሁሉ ደህና ነው” አልኩት። መስከረም ላይ በሩን ስከፍት ኮርኒሱ ፍራሹ ላይ ተኝቷል። ከቆርቆሮው አንድ ምስማር ተነቅሎ ኖሯል፤ አንድ ምስማር!

ስለዚህ ጥያቄህን ለውጥ። “ደህና ነው?” አትበለው፤ የሚታይ ነገር ጠይቀው። ግንቦት ሳያልቅ ጣራ ላይ ወጥቶ የላላ ምስማር ይምታ፣ ጎማቸው ያለቀውን ይቀይር፣ አሸንዳውን ከባሕር ዛፍ ቅጠል ያጽዳ። የግቢው ቦይ ውኃውን ከመሠረቱ አርቆ መውሰዱን ይይ። ክረምቱን ሙሉ ከትልቅ ዝናብ ማግስት ውስጥ ገብቶ ኮርኒሱን ይመልከት። ፀሐይ በወጣ ቀን መስኮቱን ይክፈት፣ ፍራሹን ግድግዳ ላይ ያቁም፤ ተዘግቶ የከረመ ቤት በእርጥበት ይሻግታል። የግድግዳውን እግር በእጁ ይዳስስ። ቀጭን የአፈር መንገድ ወደ ላይ ሲወጣ ካየ ምስጥ ነው፣ በዚያው ሳምንት ይነገርህ። የጭቃ ቤት ከሆነ ደግሞ ዝናቡ እንዳቆመ ምርጊቱ ይታደስ፤ የጭቃና የጭድ ወጪውን አስቀድመህ ላክ።

እያንዳንዱን በስልኩ ፎቶ ያንሳ። ፎቶው ኔትወርክ በተገኘ ቀን ይደርስሃል።

ዘበኛዬ የራሱ ክላሽ አለው። ይዞ ቢያድር ይሻላል? (ከሜሪላንድ፣ ቤቱ ቡሬ)

አይሻልም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ፈቃድ ይፈልጋል፤ “የአባቴ ነው” ማለት ፈቃድ አይደለም። ሠራተኛ በሥራው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪውም በፍትሐ ብሔር ይጠየቃል፣ ስለዚህ የምትጠየቀው አንተም ጭምር ነህ። ከዚያ በላይ ደግሞ በዚህ ጊዜ መሣሪያ ያለበት ግቢ ሌላ ሰው ይጠራል። ሽመል፣ ጥሩ ባትሪ፣ ፊሽካና የሚጮህ ውሻ ይበቃዋል። ውሻውን አስከትቡ።

ለዘበኛው ውክልና ልስጠው? ኪራይ ይሰበስብልኛል፣ ጉዳይ ያስፈጽምልኛል። (ከቤይሩት)

የሚጠብቀው ሰውና ውክልና የያዘው ሰው አንድ እንዳይሆኑ። አንዱ ሌላውን ያያል። ጠቅላላ ውክልና በሕጉ የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው፦ ማደስ፣ ዕዳ መሰብሰብ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት። ለመሸጥ፣ ለማስያዝና ፍርድ ቤት ለመቆም ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሰነዱን ሲያዘጋጁልሽ “መሸጥ መለወጥ” የሚለው ቃል በልማድ ይገባበታል፤ ካላስፈለገሽ አስወጪው። ባሻሽ ጊዜ መሻር ትችያለሽ፤ ስትሽሪ ግን ለተወካዩም፣ ለሰነዶች ማረጋገጫውም፣ ለተከራዩም አሳውቂ። የይዞታ ካርታውን ዋናውን ቤቱ ውስጥ እንዳትተዪው።

ዘበኛ ማሰናበትና ካሜራ መስቀል አሰብኩ። ከስልኬ አየዋለሁ። (ከቶሮንቶ፣ ቤቱ ባሕር ዳር)

ካሜራ አሸንዳ አይጠርግም። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ያን ጊዜ ከቶሮንቶ ማንም ምንም አላየም። መንገድ ተዘግቶም ያውቃል። በእንዲህ ያለ ቀን ግቢህን ያየልህ ዘበኛውና ጎረቤትህ ነው። የሁለት ሦስት ወር ደመወዙንም አንድ የምታምነው ባለሱቅ ዘንድ በመጠባበቂያ አስቀምጥ፤ ባንኩ ሲዘጋ ሰውየው እንዳይራብ።

ካሜራውን ከወደድከው ጨምረው እንጂ አትተካው። ኢንተርኔት ባይኖርም በራሱ ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚቀዳ ይሁን፤ ወደ ሰውየው መኝታ አይዙር። ደግሞ በስውር እንዳትሰቅለው። ባለሙያው ሽቦ ሲዘረጋ መሰላሉን የሚይዝለት ዘበኛው ራሱ ይሁን።