ጭራው የከበደ አርቪ፦ ክላስ ኤ ወይስ ክላስ ሲ?

ለማያውቅ አንባቢ፦ አርቪ አልጋ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ያለው፣ ቤት የሆነ መኪና ነው። ክላስ ኤ እንደ አውቶቡስ ወጥ ሆኖ የተሠራው ነው፤ ክላስ ሲ በቫን ፊት ላይ ቤት የተገጠመበት፤ ዲዝል ፑሸር ደግሞ የናፍጣ ሞተሩ ከኋላ የሆነ ክላስ ኤ ነው። ከላስ ቬጋስ የደረሰኝ ጥያቄ፣ አሳጥሬው፦

«26 ዓመት ታክሲ ነድቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴም ከነርሲንግ ሆም ሥራዋ ዘንድሮ ትወጣለች። ልጆቻችን አንዱ ሲያትል፣ አንዷ ዳላስ ስለሆኑ በዓመት አምስት ወር ያህል መንገድ ላይ ለመኖር አርቪ ልንገዛ ነው። ሦስት አይተናል፦ 40 ጫማ ዲዝል ፑሸር፣ 36 ጫማ የቤንዚን ክላስ ኤ፣ 31 ጫማ ክላስ ሲ። ልባችን ያረፈው በ36ቱ ላይ ነው። የ2007 ሲሆን ሻንሲው (ቤቱን ከሥር የሚሸከመው የብረት አጽም) ፎርድ ኤፍ-53 ነው፤ ከፊት እግር እስከ ኋላ እግር 228 ኢንች ይላል። ሦስት ስላይድ (ሲቆም ወደ ጎን የሚወጣ ክፍል) አለው፤ ሻጩ ከኋላ ትልቅ የብረት ሳጥን አስገጥሞለታል። ስሞክረው ትልልቅ መኪና ባለፈኝ ቁጥር ይዋልላል። ሻጩ ‹አዲስ የመሪ ዳምፐር (የመሪውን መወዛወዝ የሚያረግብ ዕቃ) አስገብቼለታለሁ፣ ትለምደዋለህ› አለኝ። ጎማዎቹ ጥርሳቸው ሙሉ ነው። የመኝታ ቤቱ ቁም ሳጥን ትንሽ ይሸታል፤ ጣሪያው ግን በቅርቡ ታሽጓል። ባለቤቴን ጉልበቷን ያማታል። ምን ይመክሩናል?»

ጋሼ፣ እንኳን ለጡረታ አበቃዎት። ቀብድ ካልከፈሉ ግን አይክፈሉ።

መኪናውን በዓይኔ አላየሁትም። ቢሆንም መዋለሉን፣ ሽታውን፣ ሳጥኑንና «ጥርሱ ሙሉ» የሚለውን አንድ ላይ ሳነብ የጠረጠርኩት አንድ ቦታ ነው፦ ከኋላ እግር በስተጀርባ ያለው ጭራ። ጭራው ከብዷል፤ ግድግዳው ውሃ ጠጥቷል፤ ይህን ሁሉ የተሸከሙት ጎማዎች ደግሞ አርጅተዋል ብዬ እገምታለሁ። የክላስ ኤ እና የክላስ ሲ ክርክር ከዚህ በኋላ ይመጣል።

በጎማው ልጀምር፣ ሰው የሚገድለው እሱ ነውና። የአርቪ ጎማ በጥርሱ አይገመትም። አርቪ ቆሞ የሚውልበት ቀን ከሚሄድበት ይበልጣል፤ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ በፀሐይ ይደርቃል። የላስ ቬጋስና የኛ የፊኒክስ ፀሐይማ አይነሳ። በጎማው ጎን ላይ «ዶት» (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ የሚመጣውን መስመር ይፈልጉ፤ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። 2214 ካለ በ2014 በ22ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቁጥሩ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ወደ ውስጥ ዞሮ ሊሆን ይችላል፤ ባትሪ ይዘው ከሥር ይግቡ። እኔ ከሰባት ዓመት በላይ የሆነ ጎማ ያለው አርቪ ሀይዌይ ላይ አላወጣም፤ እንደ ሚሽላን ያሉ አምራቾች ራሳቸው፣ የቱንም ያህል ደህና ቢመስል፣ ከ10 ዓመት አታሳልፉት ይላሉ። ለእንዲህ ያለ ክላስ ኤ ስድስት ጎማ መግዛት ከ2,000 ዶላር በላይ ያስወጣል። ሻጩ ስለዚህ ነው «ጥርሱ ሙሉ» የሚልዎት።

አንድ ደንበኛዬ በሐምሌ ሙቀት አይ-10 ላይ፣ ኳርትዝሳይት አካባቢ፣ ከኋላ ጥንድ ጎማዎች የውስጠኛው ፈነዳበት። ገራዥ ሲደርስ ገብቼ አየሁት። የተቦጨቀው ላስቲክ እንደ ጅራፍ እየተወነጨፈ የወለሉን ፕላይውድ ሰንጥቆታል፤ የፍሳሽ ቧንቧውን ገንጥሎታል፤ የኋላ መብራት ሽቦዎችን ጠቅልሎ በጥሷቸዋል። የቀረውን ጎማ ጥርስ በሳንቲም ብለካው እንደ አዲስ ነው፤ ዕድሜው 11 ዓመት። የፊት ጎማ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ቆሞ አያወራኝም ነበር።

አሁን ወደ መዋለሉ። እዚህ ላይ ይታገሡኝ፤ ይህን ነገር ማስረዳት እወዳለሁ፣ ገራዥ ያሉት ልጆች «ጀመረው!» እያሉ ይሸሹኛል። አገር ቤት አይሱዙ ላይ ጤፍ ሲጫን አይተዋል። ጫኙ ሰነፍ ሲሆን ጆንያውን ጥግ ድረስ አይገፋም፤ እዚያው ኋላ በሩ አጠገብ ይቆልለዋል። ሹፌሩ ሃምሳ ሜትር ሳይሄድ «መሪው ቀለለኝ» ብሎ ይወርዳል፣ ጫኙንም ይሰድባል። መሪው ለምን ቀለለ? የኋላ እግር ድንጋይ ነው፤ ሻንሲው በድንጋዩ ላይ የተጋደመ እንጨት ነው። ልጆች ሆነን እንደተጫወትነው፣ በአንዱ ጫፍ ሲቀመጡበት ሌላው ጫፍ ይነሳል። ከኋላ እግር በስተጀርባ ያንጠለጠሉት እያንዳንዱ ፓውንድ የራሱን ክብደት ብቻ አይደለም የኋላ እግር ላይ የሚጥለው፤ ከፊት እግር ላይ ሰርቆ ይጨምርበታል።

በእርስዎ መኪና እናስላው። 228 ኢንች ማለት 19 ጫማ ነው። ጠቅላላው 36 ጫማ ነው። ከፊት እግር ቀድሞ የሚወጣው አፍንጫ 4 ጫማ ያህል ቢሆን፣ ከኋላ እግር በስተጀርባ 13 ጫማ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ክፍል ቤት ማለት ነው። የብረት ሳጥኑ ከዚያም ያልፋል፤ መሐሉን 14 ጫማ ከሩብ ላይ እንበል። ሳጥኑ ዕቃ ሲሞላ 400 ፓውንድ ቢመዝን፣ 400 ሲባዛ በ14.25 ሲካፈል ለ19 ስንት ነው? 300። ከፊት ጎማዎች ላይ 300 ፓውንድ ተነሳ። የኋላ እግር ደግሞ 400ውን ብቻ ሳይሆን 700 ተሸከመ። ይህ እንግዲህ አልጋው፣ ቁም ሳጥኑና ውሃ የጠጣው የኋላ ግድግዳ ሳይቆጠር ነው። መሪ የሚይዙት ጎማዎች እንዲህ ሲቀልላቸው፣ ትልቅ መኪና አየሩን ገፍቶ ሲያልፍ ጭራውን እንደ ንፋስ መለኪያ ያዞረዋል፣ እርስዎም ቀኑን ሙሉ መሪ ሲያቃኑ ይውላሉ። ትከሻዎ ማታ ይነግርዎታል።

እኛ ዘንድ የሚሠራበት መለኪያ አለ፦ የእግር ለእግር ርቀትን ለጠቅላላ ርዝመት ማካፈል። ሕግ አይደለም፣ ልምድ ነው። 55 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ደስ ይላል። የእርስዎ 19 ለ36 ሲካፈል 53 በመቶ አይሞላም፣ ሳጥኑን ሳንቆጥር። 40 ጫማ ሆኖ 266 ኢንች ያለው ዲዝል ፑሸር 55 ያልፋል። 31 ጫማ ሆኖ እስከ 220 ኢንች የተዘረጋ ክላስ ሲ 59 ይደርሳል። ለማንኛውም ሜትር ይዘው ይሂዱ፤ ከጎማ መሐል እስከ ጎማ መሐል፣ ከፓራውልት እስከ ፓራውልት፣ አምስት ደቂቃ ነው።

አዲሱ ዳምፐርስ? ዳምፐር የላላ ጥርስ ላይ እንደሚወሰድ ማስታገሻ ነው። መዋለሉን አደንዝዞ ይሸፍነዋል እንጂ ከፊት የጎደለውን ክብደት አይመልስም። በዚያ ላይ ከኦንላይን የሚመጣው ርካሹ በስድስት ወር ዘይቱን ያፈሳል። ሶማሌ ተራ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ «ኦርጅናል ነው» የሚለውን ቃል እዚያ ከሰማሁት በላይ እዚህ ስክሪን ላይ አነባለሁ።

ጣሪያው «ታሽጓል» ሲባል ማን አሸገው፣ በምን? ነጭና የሚያንጸባርቅ ከሆነ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ሊሆን ይችላል። የአርቪ የላስቲክ ጣሪያ ላይ ሲሊኮን ቢበዛ ሁለት ክረምት ቆይቶ እንደ ቆዳ ይላጣል፤ የከፋው ደግሞ ትክክለኛው ማሸጊያ በሲሊኮን ቅሪት ላይ አይዝም። እንደ ዳይኮር ያለውን፣ ፈሰስ ብሎ ራሱን የሚያስተካክለውን ከመቀባቴ በፊት የሰው ሥራ ስፋቅ ግማሽ ቀን ይሄዳል። አሥር ዶላር ለመቆጠብ ስንት ጣሪያ ተበላሽቷል! ሻጩን አስፈቅደው ካቻቢቴ ይያዙና ከኋላ ከላይ ጥግ ካሉት ትናንሽ ቀይ መብራቶች አንዱን ይፍቱ። ብሎኑ ዝጎ ከወጣ፣ ከጀርባው ያለው እንጨት ጠቁሮ በካቻቢቴው ጫፍ የሚጠልቅ ከሆነ፣ መብራቱን መልሰው ሻጩን አመስግነው ይሂዱ። የውጭውን ግድግዳ በመዳፍ ይዳብሱት፤ ፀሐይ ከጎን ሲመታው ያበጠ ቦታ ካዩ ፋይበርግላሱ ከሥሩ ካለው ስስ ፕላይውድ ተላቋል። ይህን ማስጠገን በ2007 መኪና ላይ ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

እንግዲህ የትኛው?

ዲዝል ፑሸሩ ሲነዱት ምቹ ነው። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ከፊት ጸጥታ ነው፤ በብረት ሞላ ፈንታ በአየር ከረጢት ላይ ስለተቀመጠ ጉድጓድ አያሰማም። ወደ ሲያትል ሲሄዱ ኦሪገን ውስጥ ፔንድልተን ከመድረስዎ በፊት ካቤጅ ሂል የሚባል 6 በመቶ ቁልቁለት አለ፤ ጣርማ በርን ለሚያውቅ ሰው አዲስ አይደለም። እዚያ የናፍጣው ሞተር ፍሬን ዋጋው ይታያል፤ የእግር ፍሬን እምብዛም ሳይነኩ ይወርዳሉ። ነገር ግን የሞተር ዘይቱ በጋሎን ነው የሚቀዳው፣ የአየር ፍሬኑ ራሱን የቻለ ጥገና አለው፣ ብዙዎቹ የብሔራዊ ፓርክ ካምፖችም 40 ጫማ አያስገቡም። ክብደቱ ከ26,000 ፓውንድ ካለፈ በአንዳንድ ስቴት የተለየ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዲኤምቪን (መንጃ ፈቃድ ሰጪውን ቢሮ) ሳይጠይቁ አይፈርሙ። ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበት ሰው ይግዛው። ለአምስት ወር አልመክርዎትም።

የቤንዚን ክላስ ኤ በራሱ መጥፎ አይደለም። 32 ወይም 33 ጫማ፣ ጭራው አጠር ያለ ቢያገኙ ሌላ ወሬ ነው። ሞተሩ በሁለቱ ወንበሮች መሐል ስለሚቀመጥ ዳገት ላይ ጩኸቱና ሙቀቱ እግርዎ ሥር መሆኑን ብቻ ይወቁ።

እኔ ለእናንተ የማስበው ክላስ ሲ ነው፣ ግን 31ዱን አይደለም፤ 28 ወይም 29 ጫማ። ፎርድ ኢ-450 ላይ የተሠራው ጠቅላላ የሚፈቀድለት ክብደት 14,500 ፓውንድ ነው፤ ቤቱ በረዘመ ቁጥር ለእናንተ የሚተርፈው ያንሳል። ከ2008 አጋማሽ ወዲህ የተሠሩት ላይ የሰውና የዕቃ ክብደት ስንት እንደሚችሉ የሚናገር ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። ውሃም ዕቃ ነው፤ 40 ጋሎን 332 ፓውንድ ይመዝናል። ቁጥሩ ከ1,500 በታች ከሆነ እኔ እተወዋለሁ። ከሾፌሩ አናት በላይ አልጋ ያለበትን አይውሰዱ፤ የፊት መስኮቱ ዋና የውሃ መግቢያ ነው፣ እናንተም እዚያ አትወጡም። ክላስ ሲን የመረጥኩበት ትልቁ ምክንያት ሌላ ነው፦ እትዬም መንዳት አለባቸው። እርስዎን መሐል ኔቫዳ ላይ ደረትዎን ቢያምዎት ማን ነው የሚነዳው? የክላስ ሲ ፊት ተራ ቫን ነው፤ በሩን ከፍተው ይገባሉ፣ መስተዋት አስተካክለው ይነዳሉ። ለጉልበታቸው ሲሉ የመግቢያ ደረጃውን እሳቸው ራሳቸው አሥር ጊዜ ወጥተው ወርደው ይሞክሩት፤ ስላይዱ ተዘግቶ ሳለ መጸዳጃ ቤት መድረስ እንደሚቻልም ይዩ።

ጄኔሬተሩን ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱት። ቀድሞ ሞቆ ከጠበቀዎት ሻጩ የሚደብቀው ነገር አለ። ከገዛችሁ በኋላ በወር ሁለት ሰዓት ኤሲ አብርታችሁ አሠሩት፤ ያለዚያ ቤንዚኑ ካርቡሬተሩን ይደፍነዋል፣ ከዚያ ከኦንላይን ርካሽ ካርቡሬተር ትገዙና እኔ ጋ ትመጣላችሁ።

እንጀራን ሳልረሳ፦ ብዙዎቹ ክላስ ሲዎች 30 አምፕ ናቸው፤ ይህም 3,600 ዋት ማለት ነው። ኤሲና የኤሌክትሪክ ምጣድ አብረው ከበሩ፣ በዚያ ላይ ማይክሮዌቭ ከተጨመረ ብሬከሩ ይወርዳል። ጠዋት ሳይሞቅ ይጋገር።

ከገዙ በኋላ ሙሉ ውሃ፣ ሙሉ ቤንዚን፣ እትዬንና ዕቃውን ጭነው የጭነት መኪና ማደያ ያለ ሚዛን ላይ ይውጡ፤ የፊትና የኋላ እግር ለየብቻ ይነበባል። የጎማውን ንፋስ በዚያ ክብደት፣ ከጎማ አምራቹ ሠንጠረዥ ይሙሉ። ግን ከዚያ ሁሉ በፊት፣ ክላስ ሲውን ሊያዩ የሄዱ ቀን፣ ከስድስቱም ጎማ አራት አራቱን ቁጥር ጽፈው ይላኩልኝ። ከኋላ የውስጠኞቹን ሁለቱን ደግሞ «አልታየኝም» እንዳይሉኝ፤ ካርቶን አንጥፈው ከሥር ይግቡ።