ዓይኑ ይጠቁም፣ አፉ ይጫን

ጥያቄ፦ «ወንድሜ በመኪና አደጋ ምክንያት ከአንገቱ በታች አይታዘዝለትም፤ ንግግሩ ግን ደህና ነው። ዘመዶቻችን ቶቢ 5 የሚባል የዓይን መከታተያ ከውጭ ላኩለት። ያየው ነገር ሁሉ ይከፈትበታል። የድምፅ ትእዛዝ ስንጨምርበት ደግሞ ‹ክሊክ› እያለ ሌላ ቦታ ይነካል። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?»

መልስ፦ አልተበላሸም፣ እህቴ። ከሚገባው በላይ ታዛዥ ሆኖ ነው። የሰው ዓይን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሦስት አራት ቦታ ያርፋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ያረፈበትን ሁሉ «ይህን ክፈት» ብሎ ይወስደዋል። በሙያችን ይህን ችግር በግሪክ ተረት ባለው በንጉሥ ሚዳስ ስም እንጠራዋለን፤ የነካው ሁሉ ወርቅ እየሆነበት ምግብ መቅመስ ባቃተው ንጉሥ። ስለዚህ ዓይን ለአፍታ ሲያርፍ በራሱ የሚጫነውን ቅንብር ዛሬውኑ ያጥፉት።

ድምፁ ቦታ የሚስተው በሌላ ምክንያት ነው። «ክሊክ» ተብሎ እስኪያልቅና ኮምፒውተሩ ቃሉን እስኪለየው ጊዜ ያልፋል፤ ዓይን ደግሞ አፍን አይጠብቅም። አንድ ደንበኛዬ አጠገብ ተቀምጬ ይህንኑ በዓይኔ አይቻለሁ። የማስቀመጫውን ምልክት አየ፣ ቃሉን ጀመረ፣ ቃሉ ሳያልቅ ዓይኑ ወደ ፕሮግራሙ መዝጊያ ምልክት ተሻገረ። የግማሽ ቀን ደብዳቤው ለጥቂት ተረፈ።

እኔ የምመርጠው ቃሉን ራሱን መተው ነው። ታሎን የተባለው ኮምፒውተርን በድምፅ የማዘዣ ሶፍትዌር ከቶቢ 5 ጋር ይሠራል፤ ከንፈርን ገጥሞ በመክፈት የሚወጣውን «ፖፕ» የሚል ድምፅም እንደ ማውስ ጠቅታ ይቀበላል። ድምፁ አጭር ስለሆነ ዓይን ሳይሸሽ ይደርሳል። በዚያ ላይ የማጉያውን ዘዴ ይክፈቱለት፦ የመጀመሪያው ፖፕ የታየውን ቦታ ያጎላል፣ ሁለተኛው ይጫናል። ይህ ቅንጦት አይደለም። ጥሩ የዓይን መከታተያ እንኳ ከግማሽ እስከ አንድ ዲግሪ ይስታል፤ ከ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አንድ ዲግሪ ማለት በስክሪኑ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የፕሮግራም መዝጊያዋ ምልክት ከዚያ ታንሳለች።

የታሎን ትእዛዞች እንግሊዝኛ ናቸው፤ ለመጀመር ግን ጥቂት ቃላት ይበቃሉ። አማርኛ ለመጻፍ በክሮም ውስጥ ጎግል ዶክስን ከፍተው የድምፅ መጻፊያውን ወደ አማርኛ ይቀይሩት። ኢንተርኔት ይፈልጋል። ጽሑፍ በሚያስጽፍበት ጊዜ ፖፑ ይጥፋ፤ አለዚያ «ጴጥሮስ» ባለ ቁጥር ጠቅታ ሊሆንበት ይችላል።

መከታተያው ዓይንን የሚያገኘው በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፤ የፀሐይ ብርሃንም ያው ጨረር ስላለው ያደናግረዋል። አልጋው በመስኮት አጠገብ ከሆነ መጋረጃ ይጋርዱ። ትራሱ ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ጊዜ ነጥቦቹን እያየ የሚደረገውን ልኬት ይድገሙት። ማይክሮፎኑም ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከአፉ ጎን ይሁን፤ ክረምት ገብቶ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ የላፕቶፕ ማይክሮፎን ዋጋ የለውም።

አንድ አደራ አለኝ። ከሁሉ በፊት የዓይን መቆጣጠሪያውን የሚያቆመውንና የሚያስጀምረውን ትእዛዝ ያለማምዱት። ፊልም ማየት ሲያምረው ጠቋሚው ዓይኑን እየተከተለ እንዳይረብሸው ብሎ እርስዎን ከወጥ ቤት መጥራት የለበትም።