ቅቤው ይቅር፣ ሽሮው ይሂድ

ጥያቄ፦ ልጄ ለትምህርት ጀርመን ከሄደች ስድስት ወር ሆናት። በደወለች ቁጥር «እማዬ፣ አስቤዛው ጨረሰኝ» ትለኛለች። የአንድ እንጀራ ዋጋ በብር ሲሰላ ሰምቼ ደነገጥኩ። ጾሟን እንዳታድር ሽሮ፣ በርበሬ፣ ንጥር ቅቤና ቋንጣ በሰው ልልክላት ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?
እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ የኔ እናት፣ ጭንቀትዎ ገብቶኛል። እኔም ጎንደር የተመለስኩት ፍራንክፈርት አራት ዓመት ኖሬ ነው።

ቅቤውንና ቋንጣውን ይተዉት። ከእኛ አገር የሚሄድ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ አውሮፓ ኅብረት መግባት አይፈቀድለትም። እናቴ የላከችልኝ ሁለት ኪሎ ቅቤ አየር ማረፊያ ላይ ተወስዶ ተጣለ። ስታነጥር ያመሸችውን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ልጅዎ እዚያው ጨው የሌለው ቅቤ ገዝታ ታንጥር። እርስዎ ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱንና አብሹን ይላኩላት። ሽሮና በርበሬውም በደንብ ታሽጎ ይሂድ።

በእንጀራው እውነቷን ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚሄደው የጭነቱ ዋጋ እላዩ ላይ አለ። እኔ በየሳምንቱ ስገዛ ወር ሳይሞላ ገንዘቤ ያልቅ ነበር። በኋላ እንጀራን ለእሁድ አደረግሁት። በሌላው ቀን ምስር ወጥ በሩዝ፣ ጥቅል ጎመን በድንች፣ እንቁላል በዳቦ እበላ ነበር። ምስሩን ከቱርኮች ሱቅ ነበር የምገዛው።

ለሌላው አስቤዛ አልዲ ወይም ሊድል ወደሚባሉት ርካሽ ሱቆች ትሂድ። ቅዳሜ ገበያ እንደለመድነው መከራከር የለም። ግን ዋጋው ሥር በትንሹ የተጻፈ የኪሎ ዋጋ አለ፤ ዕቃ የምታወዳድረው በሱ ነው። የውሃ ፕላስቲኩንም አትጣል። ስትገዛ 25 የዩሮ ሳንቲም መያዣ ከፍላበታለች፤ ሱቁ ያለው ማሽን ውስጥ ስትከተው ደረሰኝ ይወጣላታል፣ ከሒሳቧ ይቀነሳል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ወር ሙሉ ጥያለሁ። እሁድ ሱቅ ስለሚዘጋ ቅዳሜ ትሸምት።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ዋጋውን በብር እንድታሰላ አያድርጓት። እኔ ሁሉን በብር እያሰላሁ ፍራፍሬ እስከ መተው ደርሼ ነበር፤ ሰውነቴ ደከመ። ይልቅ ወጥ የምትሠራበትን ሰዓት ጠይቀው ይደውሉላት። እናቴ በስልክ ሽንኩርቱን እያየች «ገና ነው፣ ትንሽ ይቁላላ» ትለኝ ነበር።