አንባቢ ይጠይቃል፦ በላፕቶፔ ያማረው ገጽ በደንበኛዬ ስልክ ለምን ተበላሸ?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከለገጣፎ፣ ከሰበታ፣ ከገላን፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የተላኩ ናቸው። ሁሉም የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ ገጹ በአንዱ ብሮውዘር (ድረ ገጽ በሚከፍተው ፕሮግራም) አምሮ በሌላው ይዝረከረካል። የኮድ ቃላቱን ለንባብ እንዲመቹ በድምፃቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል። ኮዱ ውስጥ ሲያስገቧቸው ግን በላቲን ፊደል፣ በመካከላቸው ያለውን ሰረዝ ሳይዘሉ ይጻፉ።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ለሴራሚክና ለቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ዌብሳይት እየሠራሁ ነው። በእኔ ላፕቶፕ፣ በክሮም ሲታይ እንከን የለውም። በአንድሮይድ ስልክ ግን ከላይ ያለው ሜኑ ሁለት መስመር ይሆናል። በአይፎን «ዋጋ ይጠይቁ» የሚለው ጽሑፍ ከቁልፉ ያልፋል። የሱቁ ባለቤት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ርዕሶቹ ወፍረው ይደፈናሉ። ለእያንዳንዱ ብሮውዘር የተለየ ኮድ ልጻፍ?

መልስ፦ አይጻፉ። ሦስቱም ችግሮች የሚመጡት ከአንድ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ፎንቱ፣ ማለትም የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘው ፋይል ነው። በአማርኛ ገጽ ላይ አደራደር ሲዛባ እኛ መጀመሪያ የምናየው ይህንን ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች ግን ብዙውን ጊዜ አያነሡትም፤ የላቲን ፊደል ፎንት በየመሣሪያው ስለሚገኝ ጉዳዩ እምብዛም አያስቸግራቸውም።

ገጽዎ ላይ «ኤሪያል» ወይም «ሮቦቶ» ብለው ጽፈው ከሆነ፣ በእነዚህ ፎንቶች ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ብሮውዘሩ «ሀ»ን ሲያጣ መሣሪያው ላይ ያገኘውን ሌላ ፎንት ያመጣል። ይህ ምትክ በየመሣሪያው ይለያያል። በአንድሮይድ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነው፤ በአይፎንና በማክ ኬፋ ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ኒያላን ይዞ መጥቶ ነበር። በዊንዶውስ 10 ኒያላ በተጨማሪነት የሚጫን ሆኖ ኢብሪማ ቦታውን ያዘ። ስለዚህ አማርኛ ቋንቋ የተጨመረበት ዊንዶውስና ያልተጨመረበት ዊንዶውስ እንኳ አንዱን ገጽ በሁለት መልክ ሊያሳዩ ይችላሉ።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሲደመር ግን ይከብዳል። ሜኑዎ «መነሻ፣ ዕቃዎች፣ ዋጋ፣ አድራሻ፣ ያግኙን» ቢሆን በጠቅላላው 17 ፊደል ነው። አንዱ ፎንት ከሌላው በአንድ ፊደል 1 ፒክስል ቢሰፋ ሜኑው በ17 ፒክስል ይረዝማል። ስፋቱ 360 ፒክስል በሆነ ስልክ ላይ፣ ለአምስቱ ቃላት ግራና ቀኝ 12፣ 12 ፒክስል ከተዉ 120ው በባዶ ቦታ ተይዟል። የቀረው 240 ነው። እዚያ ላይ 17 ሲጨመር «ያግኙን» ወደ ታች ይወርዳል።

ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ በክሮም ጽሑፉ ላይ በቀኝ ይጫኑና «ኢንስፔክት»ን ይምረጡ። «ኮምፒዩትድ» የሚለውን ክፍል ከፍተው እስከ ታች ይውረዱ፤ «ሬንደርድ ፎንትስ» በሚለው ሥር በትክክል የተሠራበት ፎንት ስም ተጽፏል። በፋየርፎክስ «ፎንትስ» የሚባል ራሱን የቻለ ክፍል አለ። እዚያ የሚያገኙት ስም በኮዱ ውስጥ ከጻፉት የተለየ ከሆነ ምክንያቱን አገኙ ማለት ነው።

መፍትሔው ፎንቱን ራስዎ መላክ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ የሚገኝ ነው። «ዎፍ2» በሚባለው የድረ ገጽ ፎንት ዓይነት ሁለት ፋይል፣ ባለ 400 (መደበኛ) እና ባለ 700 (ደማቅ) ውፍረት፣ በራስዎ ሰርቨር ላይ አስቀምጡና በ«ፎንት-ፌስ» ያስተዋውቁ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ባለ 400ው ብቻ ኖሮ ርዕሱ 700 እንዲሆን ቢያዝዙ ብሮውዘሩ ፊደሉን ራሱ እያደለበ ይሥለዋል። የሱቁ ባለቤት ኮምፒውተር ምትክ ያደረገው ኒያላን ከሆነ የሆነው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ የኒያላ ውፍረት አንድ ብቻ ነውና። «ጨ»ን እና «ጩ»ን የሚለየው ትንሽ ምልክት ነው፤ ፊደሉ በግድ ሲደልብ መጀመሪያ የሚደፈነው እሱ ነው።

ፎንቱን መላክ ብቻውን አይበቃም። «ላይን-ሃይት»ን (የመስመሩን ቁመት) በቁጥር ይወስኑ፤ ለጽሑፍ 1.6፣ ለርዕስ 1.3 ይበቃል። ካልወሰኑት ብሮውዘሩ በየፎንቱ ውስጥ የተጻፈውን ልክ ይወስዳል፤ ያ ደግሞ ፎንት በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል። ቁልፍና የጽሑፍ መሙያ ሣጥን ደግሞ የገጹን ፎንት በራሳቸው አይወርሱም። በክሮም ዴስክቶፕ ላይ ያልተነካ ቁልፍ በ13.33 ፒክስል ይጻፋል። ለቁልፍ፣ ለመሙያ ሣጥንና ለምርጫ ዝርዝር በሙሉ «ፎንት፦ ኢንሄሪት» ብለው አንድ መስመር ያስገቡ። ከዚያ ቁልፉ ላይ «ሃይት» እና «ዊድዝ» ብለው ቁርጥ ያለ ልክ ሰጥተው ከሆነ ያንሡት። በምትኩ ከላይና ከታች 12፣ ከግራና ከቀኝ 20 ፒክስል «ፓዲንግ» (በጽሑፉና በጠርዙ መካከል ያለ ክፍተት)፣ ቢያንስ 44 ፒክስል «ሚን-ሃይት» (ዝቅተኛ ቁመት) ይስጡት። ጽሑፉ ሲያድግ ቁልፉም አብሮ ያድጋል።

አንድ ፈተና ሳያደርጉ ሥራውን አያስረክቡ። የፎንቱን ፋይል ስም ሰርቨሩ ላይ ለጊዜው ይለውጡና ገጹን ይክፈቱ። ከከተማው ዳር ኔትወርክ ሲደክም ደንበኛው የሚያየው ይህንኑ ነው፤ ጽሑፉ ይደርሳል፣ ፎንቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ገጹ ያኔም መነበብ አለበት። ፎንቱ ዘግይቶ ሲመጣ ጽሑፉ እንዳይዘል ከፈለጉ «ፎንት-ዲስፕሌይ»ን «ኦፕሽናል» ያድርጉት፤ ፎንቱ ወዲያው ካልደረሰ ብሮውዘሩ በምትኩ ፎንት ይቀጥላል፣ በሚቀጥለው ጉብኝት ደግሞ ከተቀመጠበት ያነሣዋል። «ስዋፕ» ካሉት ፎንቱ በመጣ ሰዓት ይቀይረዋል፤ አንባቢው መሐል ላይ ሳለ መስመሩ ይንቀሳቀስበታል። ለዋጋ ዝርዝር ገጽ የመጀመሪያውን እንመርጣለን።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ የሠራሁት ገጽ በአንድ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ግማሹ ቀለም አለው፣ ግማሹ ራቁቱን ነው። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 7 ነው፤ ክሮምም አለው። ስህተት የሚል ጽሑፍ አይወጣም። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ዊንዶውስ 7 ላይ የሚጫነው የመጨረሻው ክሮም 109 ነው፤ የወጣው በጥር ወር 2023 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ለፋየርፎክስ የመጨረሻው 115 ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡ የሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ነገሮች ለዚያ ማሽን የሉም። ስህተት የማይወጣውም ለዚህ ነው፤ ብሮውዘር የማያውቀውን መስመር ድምፅ ሳያሰማ ይዘለዋል።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አንዱን ሕግ በሌላው ሆድ ውስጥ መጻፍ፣ «ኔስቲንግ» የሚባለው ነው። ክሮም ይህን የተቀበለው ከ112 ጀምሮ፣ ፋየርፎክስ ደግሞ ከ117 ጀምሮ ነው። ሁለቱም ዊንዶውስ 7 ካለው ይበልጣሉ። በ«.ካርድ» ቅንፍ ውስጥ «.ዋጋ» ብለው ከጻፉ የውጪው ይሠራል፣ የውስጡ ይጠፋል። ግማሽ ቀለም ማለትም ይኸው ነው። አውጥተው «.ካርድ .ዋጋ» ብለው ለብቻው ይጻፉት። ገጹ ትልቅ ከሆነ «ፖስትሲኤስኤስ» የሚባለው መሣሪያ ለኔስቲንግ የተሠራው ተጨማሪ ሲገባለት ይህን ይፈታል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ «ሀዝ» የሚለው መራጭ ነው፤ መራጭ ማለት ሕጉ የትኛው ክፍል ላይ እንዲሠራ የሚናገረው ቃል ነው። ይህ በዚያ ማሽን የሚያስቸግረው በፋየርፎክስ ነው፤ ፋየርፎክስ የተቀበለው በ121 ነውና። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳተው ነገር አለ፦ በነጠላ ሰረዝ ከተደረደሩ መራጮች አንዱን ብሮውዘሩ ካላወቀው ሕጉን በሙሉ ይጥለዋል፤ ደህናዎቹም አብረው ይሄዳሉ። አዲሱን መራጭ ሁልጊዜ ለብቻው ይጻፉ።

ለነጠላ መስመሮች ቀላል ዘዴ አለ። አሮጌውን ቀድመው፣ አዲሱን ከሥሩ ይጻፉ። አዲሱን የሚያውቅ ብሮውዘር ኋለኛውን ይወስዳል፤ የማያውቀው በፊተኛው ይቆያል። ባለ ኮፒ ቤቱን «ኮምፒውተር ቀይር» ማለት መልስ አይደለም። ብዙ ሰው ፎርም የሚሞላው እዚያ ነው።

ጥያቄ (ከገላን)፦ ደንበኞቼ ኦፔራ ሚኒ የሚባለውን የስልክ ብሮውዘር ይጠቀማሉ። ሦስት መስመር ያለው የሜኑ ምልክት ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታያል፤ ሲጫኑትም አይከፈትም።

መልስ፦ ኦፔራ ሚኒ በከፍተኛው የዳታ ቁጠባ ላይ ሲሆን ገጹን የሚያሰናዳው ስልኩ ሳይሆን የኦፔራ ሰርቨር ነው። ሰርቨሩ አሰናድቶ፣ አጭቆ ይልከዋል። እርስዎ የላኩት ፎንት አብሮ አይሄድም፤ በፎንት የተሠራ ምልክትም ሣጥን ይሆናል። ጃቫስክሪፕት (ገጹ ለንክኪ ምላሽ እንዲሰጥ የሚያደርገው ኮድ) በዋናነት ገጹ ከመላኩ በፊት እዚያው ሰርቨር ላይ ሠርቶ ያበቃል። ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ወደ ሰርቨር ተመላልሶ አዲስ ገጽ ማምጣት ስላለበት በንክኪ የሚከፈት ሜኑ አይሆንም።

ምልክቱን «ሜኑ» በሚል ቃል ይተኩ። ቃሉን ሲጫኑ ወደ ገጹ ግርጌ የሚወስድ ተራ ሊንክ ያድርጉት፤ ዝርዝሩን ግርጌ ላይ ያስቀምጡ። በዘመናዊ ብሮውዘር ጃቫስክሪፕቱ ወደ ላይ ሊያመጣው ይችላል። ስልክ ቁጥርና ዋጋ ግን በማንኛውም መንገድ በጃቫስክሪፕት የሚመጡ አይሁኑ።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ገጼ በስልክ ወደ ጎን ይንሸራተታል። በስተቀኝ ነጭ ባዶ ቦታ ይታያል። የትኛው ክፍል እንዳበላሸው ማግኘት አልቻልኩም።

መልስ፦ መጀመሪያ በገጹ ራስ ላይ የ«ቪውፖርት» መስመር መኖሩን ይዩ፤ «ዊድዝ» ከ«ዲቫይስ-ዊድዝ» ጋር እኩል፣ «ኢኒሻል-ስኬል» 1። ከሌለ የስልክ ብሮውዘር ገጹን አብዛኛውን ጊዜ በ980 ፒክስል ስፋት አደራጅቶ ያሳንሰዋል።

መስመሩ ካለ፣ ለጊዜው በኮከብ ምልክት ሁሉንም ይምረጡና 1 ፒክስል ቀይ «አውትላይን» ይስጡ። «ቦርደር» አይስጡ፤ ቦርደር ቦታ ስለሚይዝ አደራደሩን ራሱ ይለውጠዋል። ከዳር ያለፈውን ሣጥን በዓይንዎ ያገኙታል። ካላገኙት በ«ኢንስፔክት» ውስጥ የገጹን ግማሽ ይሰርዙ። መንሸራተቱ ከቆመ ጥፋተኛው በተሰረዘው ውስጥ ነው፤ ካልቆመ በቀረው ውስጥ ነው። ያንኑ ደግሞ ለሁለት ይክፈሉ። 64 ክፍል ቢኖር እንኳ በስድስት ጊዜ ይገኛል።

ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ሰፊ ፎቶ፣ የዋጋ ሠንጠረዥ ወይም ያልተቆረጠ ረጅም ሊንክ ነው። ለፎቶ «ማክስ-ዊድዝ» 100 በመቶ እና «ሃይት፦ አውቶ»፤ ለሠንጠረዥ ለብቻው የሚንሸራተት ማቀፊያ፤ ለሊንክ «ኦቨርፍሎው-ራፕ፦ ኤኒዌር»። ሣጥኖችን ጎን ለጎን በሚደረድረው በ«ፍሌክስ» ውስጥ ያለ ሣጥን አልጠብም ካለ «ሚን-ዊድዝ» 0 ይስጡት። በኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ «100ቪደብሊው» (የመስኮቱ ሙሉ ስፋት) የሚል ይፈልጉና በ100 በመቶ ይተኩት፤ ያ ልክ ዊንዶውስ ላይ 15 ፒክስል ገደማ የሚይዘውን ስክሮል ባር አይቀንስም።

«ኦቨርፍሎው-ኤክስ፦ ሂድን» ብለው አይሸፍኑት። የተረፈው ጽሑፍ ይቆረጣል፤ ደንበኛው የዋጋውን የመጨረሻ ዜሮ ሳያይ ይቀራል።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ አይፎን የለኝም። ሳልገዛ እንዴት ልፈትሽ?

መልስ፦ አገራችን ባሉ አይፎኖች ላይ ክሮምም ፋየርፎክስም ከውስጥ የሚሠሩት የአይፎን የራሱ ብሮውዘር በሆነው በሳፋሪ ሞተር፣ በዌብኪት ነው። ስለዚህ በሳፋሪ ካዩት በቂ ነው። ሊኑክስ ያለው ኮምፒውተር ካለዎት ኤፒፋኒ የሚባለውን ብሮውዘር ይጫኑ፤ እሱም በዌብኪት ስለሚሠራ አብዛኛውን የአደራደር ስህተት ያሳይዎታል። የማያሳይዎት በጣት ሲነካና የአድራሻ መስመሩ ሲመጣና ሲሄድ የሚፈጠረውን ነው። ለእሱ ከአንድ ወዳጅ አይፎን ለአሥር ደቂቃ ይዋሱና ሦስት ነገር ይዩ።

የመጀመሪያው ሙሉ ስክሪን እንዲይዝ በ«100ቪኤች» የተሠራ ክፍል ነው፤ የአድራሻ መስመሩ ታችኛውን ጫፍ ይሸፍነዋል። ከሥሩ «100ዲቪኤች» ይጨምሩ፤ ሳፋሪ ከ15.4 ጀምሮ ያውቀዋል። ሁለተኛው የመሙያ ሣጥን ነው። ጽሑፉ ከ16 ፒክስል ካነሰ ሲነካ ገጹ በራሱ ይጎላል፤ 16 ያድርጉት። ሦስተኛው በ«ፍሌክስ» ውስጥ በ«ጋፕ» የተተወ ክፍተት ነው። ሳፋሪ የተቀበለው በ14.1 (በአይፎን በአይኦኤስ 14.5)፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 ስለሆነ፣ ከዚያ ያነሰ ስሪት ባለው አይፎን ላይ ካርዶቹ ይጣበቃሉ። ይህን ካዩ ክፍተቱን ወደ «ማርጂን» (ከሣጥኑ ውጪ የሚተው ክፍተት) ይመልሱት፤ «ጋፕ»ን ግን አብረው ያንሡት፣ አለበለዚያ በአዲሶቹ ላይ ክፍተቱ እጥፍ ይሆናል። ስታይሉን ካስተካከሉ በኋላ ገጹን በፕራይቬት ታብ ይክፈቱት፤ በተራው ታብ ስልኩ ያስቀመጠውን አሮጌ ስታይል ሊያሳይዎት ይችላል።