ስኳርና ዓይን፦ ሲስተርን ጠይቁ

ደሴ ዓይን ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ። ስኳር ሬቲናን (ዓይን ውስጥ ከኋላ ያለውን፣ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን) ሲነካ እይታ ውሎ አድሮ ምን ይሆናል? እሱን ጠይቁኝ። የመድኃኒት ስም ግን አላዝም።

ከሐይቅ፦ ሲስተር፣ ስኳር ከያዘኝ 11 ዓመቴ። ዓይኔ ደህና ያያል። ምን ብዬ ልመርመር?

መልስ፦ እቺን ጥያቄ ነው የምፈልጋት። ስኳር ሬቲና ላይ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያላላል። ያፈሳሉ፣ ቆይቶ ይደፈናሉ። ደም ያነሰው ሬቲና አዳዲስ ሥሮች ያበቅላል። እነሱ ግን እንኩቶ ናቸው፤ ይደማሉ፣ ጠባሳቸው ሬቲናውን ይጎትተዋል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ሕመም የለውም! የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳውን እስከ ታች አንብቦ ሌዘር (በብርሃን ጨረር የሚሠራ ሕክምና) የሚያስፈልገው ሰው አይቻለሁ። በሁለተኛው ዓይነት ስኳር (ብዙ ጊዜ በአዋቂነት በሚጀምረው) 20 ዓመት ከቆዩ 100 ሰዎች ከ60 በላይ የሚሆኑት ላይ ጉዳቱ ይታያል። ሁሉም አይታወሩም። በጊዜው የተሠራ ሌዘር ከባድ የእይታ ማጣትን ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ በዓመት አንዴ፣ በጠብታ ብሌን አስፍቶ መታየት።

ከኮምቦልቻ፦ መነጽር ባደርግስ?

መልስ፦ መነጽር ሬቲና አያክምም።

ከወልዲያ፦ እናቴ ሌዘር ተሠራላት፣ እይታዋ ግን አልተመለሰም። ብራችንን በላን?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ አልበላችሁም። ሌዘር የቀረውን ያተርፋል እንጂ የሄደውን አይመልስም። የማታና የጎን እይታን ትንሽ ሊቀንስም ይችላል፤ ቀድሞ ካልተነገራችሁ ጥፋቱ የእኛ የባለሙያዎቹ ነው። የሬቲናው መሃል ካበጠ ግን ዓይን ውስጥ የሚወጋ መርፌ እይታን ሊያሻሽል ይችላል። መጀመሪያ ላይ በየወሩ ስለሆነ ብዙው ሰው ትንሽ ሲሻለው ይቀራል። እብጠቱም ይመለሳል።

ከመርሳ፦ የማሽላ እንጀራ ይሻላል የጤፍ?

ከባቲ፦ ጤፍ ነዋ!

ከመርሳ፦ አያቴ ዕድሜ ልካቸውን ማሽላ በልተው ስኳር አያውቁም።

ከባቲ፦ አያትህ ማሳ ላይ ነው የሚውሉት። አንተ ባጃጅ ላይ!

መልስ፦ ጨረሳችሁ? የምግብ ባለሙያ አይደለሁም።

ከሐርቡ፦ ዓይኔን ይደክመኛል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቱን ዓይን? ከመቼ? ስኳር አለብህ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም። ድንገት ዓይንህ ፊት ጥላሸት የሚመስል ነገር ከረገፈብህ ወይም መጋረጃ ከወረደብህ ግን ዛሬውኑ ሂድ።

ከደሴ፦ ከልጅነቴ ስኳር አለብኝ፣ አሁን አርግዣለሁ።

መልስ፦ እርግዝና ጉዳቱን ሊያፋጥነው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ታይ፣ ከዚያም በቀጠሮሽ። አሁንም በጠብታ!

ከኮምቦልቻ፦ ወፈር ያለ መነጽርስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ።