ጡንቻ ሲላላም ጉልበት ያወጣል

ልጆቼ፣ በቀደም አንዲት የሕክምና ተማሪ «ጋሼ፣ ጡንቻ ሲኮማተር ጉልበት ማውጣቱ ይገባኛል፤ ሲላላስ ለምን ያወጣል?» አለችኝ። የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰችው።

ተማሪ ሳለን ከገጠር የመጣ ዝምተኛ ልጅ አብሮን ይማር ነበር። አባቱ ለሰፈሩ ሬሳ ይገንዙ ነበር። ከእለታት አንድ ቀን እጁን አወጣ። «እኛ አገር ሬሳ ሳይደርቅ ቶሎ እጅ እግሩ ይስተካከላል። ሰውየው ሞቷል፤ ታዲያ ጡንቻው በምን ጉልበት ይገተራል?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» ብለው አለፉት። ልጁ ከዚያ ወዲያ ጠይቆ አያውቅም። በኋላም ትምህርቱን ቀየረ። በእነዚያ ዓመታት ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ምርጡ የእሱ ነበር። ዛሬም ያንገበግበኛል።

መልሱ እኮ ነበረ! ጡንቻ የሚኮማተረው ካልሲየም ሴሉ ውስጥ ካለው ማከማቻ ሲፈስ ነው። እንዲላላ ተመልሶ መግባት አለበት። ማከማቻው ውስጥ ያለው ግን በሴሉ ውስጥ ከማከማቻው ውጭ ካለው በሺዎች እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሽቅብ መግፋት ያስፈልጋል። ይህን የሚሠራው ሰርካ የሚባል ፓምፕ ፕሮቲን ነው። በአንድ ኤቲፒ (ለሴሉ ጉልበት የሚሰጥ ሞለኪውል ነው) ሁለት ካልሲየም ይመልሳል። ከኤቲፒ የመጣ ፎስፌት ሲጣበቅበት ቅርጹን ይለውጣል፤ በአንድ በኩል ይዘጋና በማከማቻው በኩል ይከፈታል። ሰው ሲሞት ኤቲፒው ያልቃል። ፓምፑ ይቆማል፣ ካልሲየሙ ይፈሳል። ጡንቻን ጎትቶ የሚያኮማትረው ማዮሲን የሚባል ፕሮቲንም አክቲን የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን የሚለቀው ኤቲፒ ሲያገኝ ነውና እንደያዘ ይቀራል። ሬሳ የሚደርቀው በዚህ ነው። የልጁ አባት ጊዜውን በእጃቸው ያውቁት ነበር።

ሌሎች ሴሎችም ያለ እንዲህ ያለ ፓምፕ አይኖሩም። ሻትዝማን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ቀይ የደም ሴል ካልሲየምን ወደ ውጭ እንደሚያስወጣ አሳይቷል። ካልሲየም ውስጥ ተከማችቶ ከቆየ ሴሉን ይገድለዋል።

አጥኑ ብዬ አልመክራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የሚጠይቅ ጓደኛ ላይ ግን አትሳቁ። የዛሬ ልጆች መልሱን ከስልካችሁ ታወጡና ጥያቄው እዚያው ይሞታል። ይሄ አይዋጥልኝም። ደግሞም ቶዮሺማ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡትን የሰርካ ቅርጽ በዚያው ስልክ እያዞራችሁ ማየት ትችላላችሁ። ያ ልጅ ይህን ቢያገኝ ኖሮ ማን ያቆመው ነበር?

ለጠያቂዋ የቤት ሥራ ሰጥቻታለሁ። ልብ ውስጥ ሰርካን የሚገታ ፎስፎላምባን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን አለ። አድሬናሊን ሲመጣ ይለቀዋል፤ ልብም ቶሎ ይላላል። በፍጥነት ለሚመታ ልብ ቶሎ መላላት ምን እንደሚጠቅመው አስባ ትመጣለች።