መልስ፦ ባለሀብት ለድርቅና ለጎርፍ መከላከያ ብር ያወጣል ወይ?

ወንድሜ "የድርቅና የጎርፍ መከላከያ ትርፍ የለውም፣ ባለሀብት ምን ሊሰራ ይገባበታል" ላልከው፣ ትርፍማ አለው፣ ግን ትርፉ ሳይደርስ የቀረ ኪሳራ ስለሆነ ባንክ አይቶት አያበድርም። እኛ ሰበታ ጋ ሽንኩርት የሚያለማ ጎረቤት አለኝ፣ ድሪፕ (ውሃ በቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ተክሉ ስር የሚያጠጣ) ከዘረጋ ወዲህ ጠዋት ብትሄድ አፈሩ ቱቦው ስር ስር ብቻ ረጥቦ መሃል መሃሉ አቧራ ነው፣ ድሮ በቦይ ሲያጠጣ ግማሹ ውሃ መንገድ ላይ ነበር የሚቀረው። ብሩን ግን ከዘመድ ነው የለቃቀመው፣ መሬቱ ኪራይ ስለሆነ የሄደበት ባንክ ሁሉ ኮላተራል (ለብድሩ የሚያዝ ንብረት) አምጣ አለው፣ በጣም ያናድዳል።

መንግስት መግባት ያለበት እዚህ ጋ ነው። የልማት ባንክ የማሽን ሊዝ አለ፣ ባንኩ ማሽኑን ገዝቶ ያከራይሃል፣ ከዋጋው 20 በመቶ አንተ 80 በመቶ ባንኩ፣ ከፍለህ እስክትጨርስ ማሽኑ የባንኩ ስለሆነ ቤት አስይዝ አይሉህም፣ ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የጎደለው የብድር ዋስትና ነው፣ ተበዳሪው ዝናብ ጠፍቶበት መክፈል ቢያቅተው የኪሳራውን ከፊል መንግስት ወይ እንደ ግሪን ክላይሜት ፈንድ ያለ ለአየር ንብረት ስራ ገንዘብ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ድርጅት ቢሸከምለት የግል ባንክም ይደፍራል። ኢንሹራንስም አለ፣ ቦረና ላይ በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የከብት መድን ግጦሹን በሳተላይት አይቶ ነው የሚከፍለው፣ ከብቱ እስኪሞት አይጠብቅም። የጎርፍ ግንብ ግን ከባለሀብት አትጠብቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ በነፃ የሚጠቀምበትን ማንም ብቻውን አይገነባም፣ እሱ የመንግስት ስራ ነው።